ያልተቀየረው ምልክት

ዊንስሎ፣ ጁላይ 30 ቀን 1953

ለአለቃዬ ለሃርላን ፔትግሩ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማማ ቤስስ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም ያጎበጠው የአውቶቡሱ ወንበር ነው እንጂ የዊንስሎ ሰዎች ምንም አልበደሉኝም።

ከጉልበት መከላከያዬ ሥር የሸጎጡልኝን «የአዲሱ አለቃህን ጠባይ ጻፍልኝ» የሚል ወረቀት ያገኘሁት እዚህ ደርሼ ሻንጣዬን ስፈታ ነው። ሳልሰናበትዎት የሄድኩት ተቀይሜ ነው፤ ሌላ ምክንያት ልፈጥር ብዬ ነበር፣ አልመጣልኝም። ሰው የልጁን ባል ሲሸጥ ቤቱ ወስዶ፣ አስቀምጦ ነው የሚነግረው። እርስዎ ግን ገላዬን እየታጠብኩ፣ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እንዳለ፣ «ዴል፣ ዊንስሎ ገዝቶሃል፤ አውቶቡሱ ማለዳ ነው» ብለው በሩን ዘጉት። ኦፓል የስምንት ወር እርጉዝ መሆኗን እንደማያውቅ ሰው።

አሁን በርዶልኛል። የቡድኑ ባለቤት ብሩባከር ተጫዋቾቹን እንደ መደብሩ ሶፋ አንድ በአንድ እያወጣ ሲሸጥ እርስዎ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ከቤዝቦል ሊጉ መጨረሻ ተነስቼ አንደኛው ቡድን ውስጥ ገባሁ፤ ከመቺው ኋላ ኳስ ለሚይዝ ቀላቢ ይህ ሹመት ነው። የሚገርመው እዚህ ሲያሸንፉ የሚጮህ የለም። ለምደውታል። ካልደር አንድ ጨዋታ ቢያሸንፍ ኖሮ ያ ፈጣን ሯጫችን ሊሮይ ሱግስ ከነመለያው ወንዝ ይገባ ነበር።

ለሯጮቹ በእጅዎ የሚሰጧቸውን የሚስጥር ምልክቶች አውቶቡሴ ድልድዩን ሳይሻገር እንደቀየሯቸው አልጠራጠርም። «ሰው በተሸጠ ቀን፣ ወንድምህም ቢሆን፣ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ምልክት ቀይር» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጆሮዎን መጎተት ትተው አሁን ምንዎን እየጎተቱ ይሆን? አፍንጫዎን ከሆነ ይተዉት፤ እንዳለም በቂ ነው።

ኦፓልን ይሳሙልኝ።

አማችዎ ዴል ክሮሊ


ካልደር፣ ኦገስት 4 ቀን 1953

ዴል፣

ሳሙናው ዓይንህ ውስጥ መኖሩ ደግ ሆነ። የእኔን ዓይን አላየኸውም።

ቤቴ ወስጄ ልነግርህ አስቤ ነበር። ቤቴ ስትገባ ግን የልጄ ባል ነህ፤ ሜዳ ላይ ተጫዋቼ ነህ። የተሸጠው ተጫዋቼ ነው። የልጄን ባል የሚገዛ ቢመጣማ በጥይት ነበር የማባርረው። እንግዲህ ይህን ከይቅርታ ቁጠርልኝ፤ የተሻለ አልችልበትም።

ስለ ቡድኑ ባትጠይቀኝም ልንገርህ። ያንተን ቦታ የያዘው ልጅ ኳስ የሚቀልበው ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ስትመጣበት ይጸልያል መሰለኝ። እሑድ ዕለት ግራ ክንፍ ላይ ያለው ፊንች ከፍ ብላ የመጣችውን ኳስ አንጋጦ ሲጠብቃት ከኋላው ወደቀች። ተመልካቹ ለመሳቅ እንኳ አልበቃም፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ብሩባከር መደብሩ ውስጥ ቀን ቀን ቴሌቪዥን ይሸጣል፣ ማታ ሜዳ መጥቶ ባዶ ወንበር ያያል። «ሃርላን፣ ሰዉ ሁሉ የት ገባ?» አለኝ። «አንተ የሸጥክለት ሳጥን ፊት ተጎልቷል» ብለው አኩርፎኝ ሄደ።

የቀረን ሊሮይ ብቻ ነው። መምታት አንችልም፣ መወርወር አንችልም። ግን ልጁ በሆነ መንገድ መጀመሪያው የሯጭ ማረፊያ፣ መጀመሪያው ቤዝ ላይ ከደረሰ፣ እኔ ሦስተኛው ቤዝ ጥግ ቆሜ ምልክቱን እሰጠዋለሁ፤ ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሳ ይነሳል፣ ቀላቢው ኳሷን ቀልቦ ሁለተኛው ቤዝ ሳያደርሳት ልጁ እዚያ ነው። የምናገባት ነጥብ ሁሉ የምትመጣው ከሱ እግርና ከእኔ እጅ ነው።

ስለ ምልክቱ አንተ አትጨነቅ። እሱ የእኔ ጉዳይ ነው።

ኦፓል እግሯ አብጧል፣ ቁጣዋም አብሮ አብጧል። ደህና ናት።

አማትህ ሃርላን


ዊንስሎ፣ ኦገስት 12 ቀን 1953

ለአለቃዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ በጥይት የተጻፈ ይቅርታ ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በሸጎጡልኝ ወረቀት የአዲሱን አለቃዬን ጠባይ ጠይቀውኛል። ጌብ ሆርተን ክፉ ሰው አይደለም። ቁርስ ላይ አጠገቤ ይቀመጥና እንቁላሌን ሳልጨርስ ያዋራኛል። ምን ምን እንደሚያዋራኝ ለእርስዎ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከሌላ ቡድን የመጣ ቀላቢ አጠገብዎ ቢቀመጥ እርስዎም ያንኑ ነው የሚያዋሩት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ አይደል ክሮሊ?» ብሎ ትከሻዬን ይመታኛል። እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ ሊልከኝ እንደሚያስብ ጠቆም አድርጎኛል። ለኦፓል አይንገሯት፤ ካልሆነ ታዝናለች።

የምልክቱን ነገር በአንድ መስመር ዘለሉት። ገባኝ። ለዊንስሎ ተጫዋች ያንን በወረቀት የሚጽፍ አለቃ የለም። እኔም ካሁን በኋላ አልጠይቅም።

ዴል


ካልደር፣ ኦገስት 18 ቀን 1953

ዴል፣

አጭር የነበረው የላክሁልህ ቴሌግራም ነው እንጂ ልጅህ አጭር አይደለም። ረጅም ነው፣ ቀይ ነው፣ ጆሮው ደግሞ የእኔ ነው፤ እግዜር ይርዳው። ኦፓል በርትታለች። ምጥ ላይ ስትሆን የሰደበችህን ስድብ ቤስ ልትደግምልኝ አልደፈረችም።

ስሙን ሃርላን እንበለው ብላለች። «በዚህ ዓመት ይህንን ስም በሕፃን ላይ መጫን ግፍ ነው» ብዬ ነበር፤ አልሰማችኝም። አንተ ሐሳብ ካለህ ቶሎ ጻፍ።

ሌላ ወሬ አለኝ፤ ለቤስ ገና አልነገርኳትም። ብሩባከር ቢሮው ጠርቶኝ አዲስ ሶፋ ላይ አስቀመጠኝ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈለትም። «ከመጨረሻው ደረጃ ከወጣህ ቡድኑን አንድ ዓመት አቆየዋለሁ፣ አንተም አብረህ ትቆያለህ። ካልወጣህ ሜዳውን ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም ለሚያይበት ሲኒማ እሰጠዋለሁ» አለኝ። ቀጥሎ በደግነት፣ «ለሶፋ ሽያጭ ግን ሽማግሌ ሰው ይመቻል» አለ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው ዴል። ከኳስ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

አሁን ከእኛ በላይ ካለው ከዳንሞር ቡድን ትንሽ ነው የምናንሰው። የመጨረሻዎቹን አራት ጨዋታዎች እዚህ የምንጫወተው ከእናንተ ጋር ነው። ከአራቱ ሁለቱን ካሸነፍን እንወጣለን። ሊሮይ በሁለት እግሩ ነው፣ እኔም በሁለት እጄ።

አማትህ ሃርላን


ዊንስሎ፣ ኦገስት 23 ቀን 1953

ለአለቃዬ፣ ለአያት ሃርላን፣

ቴሌግራሙን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ያ ለድል የማይጮኸው ቡድን ለልጄ ጮኸለት። ስሙ ሃርላን ይሁን። ከዚያ የተሻለ ስም የለኝም።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ሆርተን «ዋንጫው ደጅ ላይ ነው፤ ሕፃኑ የትም አይሄድም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግን ልጄን ገና አላየሁትም። ለመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ስንመጣ ቡድኑ ሆቴል ያርፋል። እኔ እናንተ ቤት ማረፍ እችላለሁ ወይ? ተጋጣሚ ነኝና ደስ ካላላችሁ ይገባኛል።

ብሩባከር ያለዎትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ ግን ልጆቹ አዲሶቹን ምልክቶች በደንብ ለምደዋል? እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው። መልስ አልጠብቅም።

ዴል


ካልደር፣ ኦገስት 28 ቀን 1953

ዴል፣

ይህ ምን ጥያቄ ነው? ሆቴል ብትገባ ቤስ በመጥበሻ አናትህን ትልሃለች። አልጋህ ተነጥፏል።

ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ ማዕድ ማዕድ ነው። ሜዳ ላይ ልታሸንፈኝ ሞክር፤ ካልሞከርክ እቀየምሃለሁ። ሲመሽ እጃችንን ታጥበን እንበላለን።

ልጆቹ የሚያውቁትን ያውቃሉ። እኔም የማውቀውን ሰው አውቃለሁ።

አማትህ ሃርላን


ዊንስሎ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1953

ለአለቃዬ፣

አሁንም ሳልሰናበትዎት ሄድኩ። አውቶቡሱ ከጨዋታው በኋላ ወዲያው ተነሳ። ተጫዋቾቹ መንገዱን ሙሉ ዘፈኑ። ዋንጫውን ወስደናል፤ በጋዜጣ አይተውት ይሆናል።

አራቱንም መሸነፋችሁ ከልቤ አሳዝኖኛል። እርስዎ ራስዎን አይውቀሱ። ልጆቹ አቅም አልነበራቸውም፣ ማንም ቢያሠለጥናቸው ከዚያ አያልፉም ነበር። ሊሮይ ያን ያህል ጊዜ መያዙ መቼም የዕድል ነገር ነው። ብሩባከር ምን ወሰነ?

ለእማማ ቤስ ስለ ምግቡ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ምላጬን መታጠቢያ ቤት ረስቼዋለሁ። ትንሹን ሃርላን ይሳሙልኝ።

ዴል


ካልደር፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1953

ዴል፣

ምላጭህን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

ብሩባከር የወሰነው የነገረኝን ነው። ትናንት የግራ ክንፉን አጥር ሲያፈርሱ ቆሜ አየሁ። አንዱ ሠራተኛ «ሽማግሌው፣ ማገዶ ከፈለጉ ይውሰዱ» አለኝ። አልፈለግኩም። ሶፋ መሸጥም አልፈለግኩም። ለቤስ ስነግራት ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ሊሮይ ወደ አባቱ አሳማ እርባታ ተመልሷል። የፈለገው ቡድን የለም፤ በአራት ጨዋታ ሰባት ጊዜ የተያዘ ሯጭ ማን ይፈልጋል? ሊሰናበተኝ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «አለቃ፣ እግሬ አልዘገየም። በሰከንድ መቁጠሪያ ለክተውኛል፣ አልዘገየም። ታዲያ ስነሳ ሁልጊዜ ኳሷ ከመቺው ርቃ ወደ ውጭ የምትወረወረው፣ ዴልም ቆሞ የሚጠብቀኝ ለምንድነው? ከእኔ በፊት ማን ነገረው?» አለኝ። እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

ዕድል ነው ብለሃል። አድራሻውን ከታች ጽፌልሃለሁ። ዕድል መሆኑን አንተ ጻፍለት።

ሃርላን


ዊንስሎ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1953

ለአባቴ፣

አለቃ ማለት አልቻልኩም፤ አባቴ ማለትም ከተቆጡኝ ይሰርዙት።

ለሊሮይ መጻፍ አልቻልኩም። ለእርስዎ ግን እጽፋለሁ። እዚህ በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ሆርተን ቁርስ ላይ ምልክቶችዎን ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ጆሮውን ከጎተተ በኋላ የሚነካው ነው እውነተኛው፤ ከዚያ በፊት የሚነካካው ሁሉ ማታለያ ነው። ከጆሮ በኋላ ደረቱን ከጠረገ ሯጩ ይነሳል» አልኩት። አንድ በአንድ ነገርኩት። የነገርኩት ዋጋ እንደሌለው ስለማውቅ ነው! እርስዎ ያወጡት ሕግ ነው። ከቡድን ቡድን የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚከፍለው፣ የማይሠራ ገንዘብ ከፈልኩት። ሃርላን ፔትግሩ ሞኝ አይደለም ብዬ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሊሮይ አንደኛው ቤዝ ላይ ደረሰ። ከጭምብሌ ሥር ወደ እርስዎ አየሁ። ቆብዎን ነኩ፣ ቀበቶዎን ነኩ፣ ጆሮዎን ጎተቱ። ከዚያ ደረትዎን ጠረጉ። «ኧረ በእግዚአብሔር፣ አልቀየረውም» አልኩ ለራሴ። ሆርተን ከአግዳሚው ላይ አፏጨ፤ ሯጩን ለመያዝ እንዲመቸኝ ኳሷ ከመቺው ርቃ ወደ ውጭ ተወረወረች፣ እኔም ቀለብኳት። ልስት እችል ነበር። ወደ ሁለተኛው ቤዝ ከፍ አድርጌ ብወረውራት ማንም አያውቅብኝም ነበር። አልሳትኩም። ክንዴ ለምዷል ልልዎት ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ላይኛውን ሊግ ፈልጌው ነው። ደግሞ ያ ሳሙና ትዝ ብሎኝ ነው። እውነቱን ከፈለጉ ሁለቱም ናቸው።

ማታ እማማ ቤስ ድንቹን ስታቀብለኝ እርስዎ «ክንድህ ዛሬ ጥሩ ነበር» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ልነግርዎት ነበር። የወጣልኝ ግን «ጨው ያቀብሉኝ» የሚል ሆነ። በሁለተኛውም ቀን ቀና ብለው አዩኝ፣ በሦስተኛውም። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አራተኛው ቀን አለቀ።

አሁን እርስዎ ይንገሩኝ። ለምን አልቀየሩትም? ዕድሜ ልክዎን ለሁሉም ቀይረው ለምን ለእኔ አልቀየሩም? ኦፓል እኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት እርስዎ ይነግሯታል ወይስ እኔ ልንገራት? ለምስጋና ቀን መምጣት እችላለሁ?

ዴል


ካልደር፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1953

ዴል፣

ለመመለስ የዘገየሁት ስለታመምኩ አይደለም።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። አብሮ አደጌ በተሸጠ ጊዜ ገና ጫማውን ሲያስር ምልክት ቀይሬበታለሁ፣ አልተቀየመኝም። አንተ በሄድክ ቀን ልጆቹን ሰብስቤ የጆሮዬን ምልክት ልቀይር ስል ኦፓል ምሳ ይዛልኝ መጣች፤ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ። ልጆቹ ሁሉ እሷን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ። እሷ ፊት ባልሽ ይሸጠናል ልበል? «በሉ ወደ ሥራችሁ» ብዬ በተንኳቸው። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ወደድኩት። ቢያንስ አንድ የማልጠራጠረው ሰው አለኝ ብዬ ኮራሁበት። አንተ እኔን ሞኝ አይደለም ብለህ ሸጥከኝ፤ እኔ አንተን አይሸጠኝም ብዬ ሞኝ ሆንኩ።

ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። እስካሁን ያልነገርኩህ አለ። እኔ ያወቅኩት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሊሮይ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዝ ሆርተንን አየሁት፤ ሰውዬው ኳሷን አይደለም የሚያየው፣ የእኔን ጆሮ ነው። ለመቀየር አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ብቀይር ሁለት ጨዋታ እናሸንፍ ነበር ይሆናል፤ ሜዳው ይኖር ነበር ይሆናል። አልቀየርኩም። ማታ ማዕድ ላይ እስክትናገር ጠበቅኩህ። «ክንድህ ጥሩ ነበር» ያልኩህ በሩን ልከፍትልህ ነበር። ጨው ስትለኝ ጨው አቀበልኩህ። በማግስቱ ተመልሼ ያችኑ ጆሮዬን ጎተትኩ፣ «ዛሬስ ያሳፍረው ይሆን?» እያልኩ። የእኔም ነገር ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፣ እንዲያ በለው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ያለህ ሆርተን ተሳስቷል። አንተ ከእኔ ማዕድ እየበላህ እሱ ደጅ ነበር የምትጮኸው።

«መጀመሪያ የሸጡኝ እርስዎ ነዎት» ልትለኝ ትችላለህ፤ እሺ፣ ተቀብያለሁ። የሚያንገበግበኝ ሊሮይ ነው። እኔና አንተ ተፋጠን ዝም ስንባባል ልጁ በእግሩ ከፈለው። በእያንዳንዷ ምልክት እያወቅኩ ነው የላክሁት። ስምንት ገጽ ጽፌለታለሁ፤ ያንተን ስም ጠርቻለሁ፣ የእኔንም። መልስ አልሰጠኝም።

ኦፓል ሰኞ በባቡር ትመጣለች። አልነገርኳትም፣ ቤስም አታውቅም። አባቷ በደካማ ቡድን እንደተሸነፈ ነው የምታስበው፤ አንተም አትንገራት። ልጁ ሲያለቅስ ሆዱን ወደ ታች አድርገህ ክንድህ ላይ አስተኛው፣ ያኔ ዝም ይላል። ጣቢያው ላይ ቀድመህ ጠብቃት፤ ሻንጣው ከባድ ነው።

ለምስጋና ቀን ና። ወንበርህ አለ። የበዓሉን የቱርክ ዶሮ እንበላለን፣ ስለ በረዶው እናወራለን፣ ጨው ከፈለግክም አቀብልሃለሁ።

አሁን ቡድን የለኝም፤ የሚያየኝ ሯጭም የለም። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ጢሜን ከተላጨሁ በኋላ መስታወቱ ፊት ቆሜ ምልክቶቹን በሙሉ ቀየርኳቸው።

ሃርላን ፔትግሩ